እያስተማሩ ስለ መነገድ

በአገራችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚል የቆየ ተረት አለ። ነጋዴም እንዲሁ ነው፤ ምን እንዳለው ካልተናገረ ገበያተኛው በደጁ አልፎ ይሄዳል። ነገር ግን ሁሉም ንግድ ለመናገር እኩል የተመቸ አይደለም። ሽቶ የሚሸጥ ሰው ስለ መዓዛው፥ የሐበሻ ቀሚስ የሚሸጥ ሰው ስለ ጥለቱ ቢናገር ሰሚ አያጣም። ምስማር፥ ማጠፊያ፥ ጆንያ፥ ገመድ፥ የቧንቧ ጎማ የሚሸጠው ሰውዬ ግን ምን ብሎ ይናገር? «ምስማሬ ውብ ነው» ቢል ይሳቅበታል። «ርካሽ ነው» ቢል ጎረቤቱም እንዲሁ ይላል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ዓይን የማይስብ ንግድ የያዘ ሰው በምን ዘዴ ራሱን ለማሳወቅ እንደሚችል ለማስረዳት እሞክራለሁ። ዘዴውን በውጭው ዓለም «ኮንቴንት ማርኬቲንግ» ይሉታል፤ እኔ «እያስተማሩ መነገድ» ብዬዋለሁ። የምናገረውም ከመጽሐፍ ያነበብኩትን ብቻ ሳይሆን፥ በከተማችን በባሕር ዳር በአጎቴ ሱቅ ውስጥ ሠርተን ያየነውን ጭምር ነው።

ተራው ማስታወቂያ «ና፥ ግዛ» ይላል። እያስተማሩ መነገድ ግን «ና፥ ይህን ዕወቅ» ይላል። ልዩነቱ ይህ ነው። ነጋዴው ስለ ራሱ ከማውራት ይልቅ ገዢውን የሚያስቸግረውን ጉዳይ ያነሣና፥ ከሥራው ያገኘውን ዕውቀት ያለ ዋጋ ይሰጠዋል። ይህም በጽሑፍ፥ በሥዕል ወይም በስልክ በሚላክ ድምፅ ሊሆን ይችላል። የተማረው ሰው በዚያው ዕለት ምንም ላይገዛ ይችላል፤ ነገር ግን ዕቃው ባስፈለገው ቀን አስቀድሞ ትዝ የሚለው ያስተማረው ሰው ነው።

ይህ ዘዴ በተለይ ለአሰልቺ ንግድ የሚጠቅመው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፥ እንዲህ ባለው ዕቃ ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው በዓይኑ ለመለየት አይችልም። ሁለት ጥቅል ገመድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንዱ ሦስት ዓመት እንደሚቆይ፥ ሁለተኛው በሦስት ወር እንደሚበጠስ መልካቸው አይናገርም። ስለዚህ ገዢው የሚገዛው የሻጩን ቃል አምኖ ነው። ሁለተኛ፥ ስለ ሽቶና ስለ ልብስ የሚናገር ሰው እልፍ ነው፤ ስለ ገመድ የሚናገር ግን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ግልጽ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ቢገኝ ድምፁ ብቻውን ይሰማል። ሦስተኛ፥ አሰልቺ የምንለው ነገር አሰልቺ የሚሆነው ለማያስፈልገው ሰው ነው። በክረምት ሌሊት ጣራው የሚያፈስበት ሰው ስለ ቆርቆሮ ምስማር ቢነገረው፥ ተረት እንደሚሰማ ልጅ ጆሮውን ይሰጣል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር ማረሻ የሚሠራው የጆን ዲር ኩባንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. «ዘ ፈሮው» (ትርጓሜው «ትልም» ማለት ነው) የሚባል መጽሔት ለገበሬዎች ማውጣት ጀመረ። መጽሔቱ ስለ አፈርና ስለ ሰብል የሚያስተምር ስለ ነበረ ገበሬው ወደደው፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። እንደዚሁም በ1900 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር ጎማ የሚሠሩት የሚሽለን ወንድማማቾች ለአሽከርካሪዎች የሚሆን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው በነጻ አደሉ። በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ የነበረው አውቶሞቢል 3,000 እንኳ አይሞላም ነበር። በመጽሐፏ ውስጥ ጎማ እንዴት እንደሚለወጥ፥ ቤንዚን የት እንደሚገኝ፥ መንገደኛ የት እንደሚያድር ተጽፎ ነበር። ሐሳባቸው እንዲህ ነው፦ ሰው መንገዱን ካወቀ ይጓዛል፤ ከተጓዘ ጎማው ያልቃል፤ ጎማው ካለቀ ይገዛል። ከጎማ የበለጠ ምን አሰልቺ ዕቃ አለ? ነገር ግን ያች መጽሐፍ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀች ሆናለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በደጃፏ እንጨት ተክላ ጣሳ የሰቀለች ጠላ ሻጭ «ጠላ አለ» ብላ ታስታውቃለች፤ ይህ ማስታወቂያ ነው። ጌሾው እንዴት እንደሚወቀጥ፥ ጋኑ እንዴት እንደሚታጠን ለጎረቤቶቿ የምታሳየው ባለሙያ ግን ጣሳ ባትሰቅልም ደግስ ያለበት ሰው ሁሉ ይጠራታል። ስሟን ያወጣው ማስተማሯ ነው። እንደዚሁም ለንግድ ባይሆንም በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 የተባለው የስልክ መሥመር ገበሬው ያለ ክፍያ ደውሎ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ በገዛ ቋንቋው ምክር እንዲሰማ አድርጓል። ከዚህ የምንማረው ሰው ለሥራው የሚረዳው ነገር ካገኘ ራሱ ፈልጎ የሚመጣ መሆኑን ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ሱቅ ልምጣ። አጎቴ የዓሣ መረብ፥ ገመድ፥ ሲባጎ፥ ተንሳፋፊ፥ እርሳስና መረብ መስፊያ መርፌ ይሸጣል። ወደ ሱቁ የሚገባ የከተማ ሰው የለም፤ የሚያስገባውም ጉዳይ የለውም። ደንበኞቹ ከከተማው ዳርቻ፥ ከዘጌና ከደቅ፥ አንዳንዴም ከቁንዝላና ከደልጊ የሚመጡ ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው። በአካባቢው ይህንኑ ዕቃ የሚሸጡ ሌሎችም አሉ፤ ዕቃው አንድ ዓይነት፥ ዋጋውም ተቀራራቢ ነው። አጎቴም «በምን እለያለሁ?» እያለ ሲጨነቅ ነበር።

የመጀመሪያው ሥራችን መጻፍ ሳይሆን መስማት ሆነ። ከመደርደሪያው አጠገብ አንድ ደብተር አስቀመጥንና አንድ ወር ሙሉ ደንበኞች የሚጠይቁትን ሁሉ በራሳቸው አነጋገር ጻፍን። ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ምክሬ ነው፤ ምን ልጻፍ ብሎ ጣራ ጣራ የሚያይ ነጋዴ ደብተሩን ቢገልጥ መልሱን እዚያ ያገኘዋል። በወሩ መጨረሻ ደጋግመው የተጠየቁት ጥያቄዎች ከዐሥር አይበልጡም ነበር። ከእነርሱ ውስጥ ሦስቱን ለምሳሌ እጠቅሳለሁ።

ፊተኛው የመረብ ዓይን አለካክ ነው። አንዱ ሰው «ባለ 10 ሳንቲ ሜትር» ሲል የዓይኑን አንድ ጎን ማለቱ ነው፤ ሌላው ደግሞ ዓይኑ ተወጥሮ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ትይዩው ቋጠሮ ያለውን ርዝመት ማለቱ ነው። አንድ ጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓይን ሲወጠር 10 ይሆናል። በዚህ የተነሣ ስንት ጠብ ተነሥቷል! እኛም መረቡ ተወጥሮ በማስመሪያ ሲለካ የሚያሳይ ሥዕል ሥለን «እኛ የምንለካው እንዲህ ነው» ብለን ለጠፍን። ከዚያ ወዲህ ስለ ልኬት የሚከራከር ሰው እምብዛም አላየንም።

ሁለተኛው መረብ በገመድ ላይ ስለ ማሰር ነው። መረብ ዓሣ የሚይዘው ዓሣው ጭንቅላቱን በዓይኑ ውስጥ አስገብቶ በስንጥቡ ሲያዝ ነው። ስለዚህ መረቡ በውኃ ውስጥ ዓይኑን ከፍቶ መቆም አለበት። ተወጥሮ ሲለካ 100 ሜትር የሆነው መረብ በ50 ሜትር ገመድ ላይ ቢታሰር ዓይኑ ደህና አድርጎ ይከፈታል። ገመዱ ላይ ረዥም እንዲመስል ብሎ በ90 ሜትር ላይ የዘረጋው ሰው ግን ዓይኑን ጨፍኖታልና፥ ብዙ ውኃ ቢያጥርም ዓሣው እየገፋው ያልፋል። ልብ በሉ፤ ይህን ያወቀ ሰው ለአንድ ርዝመት ገመድ የሚገዛው መረብ ይጨምራል። ነጋዴው ይጠቀማል፤ አስጋሪውም ይጠቀማል።

ሦስተኛው «መረቤ ለምን ቶሎ ይበጠሳል?» የሚለው ነው። ናይለን ፀሐይ ሲበዛበት ይደክማል። ስለዚህ መረቡን ከሐይቁ ሲያወጡ ቆሻሻውን አጥቦ በጥላ ሥር ማድረቅ ይገባል። ይህን ስንጽፍ አጎቴ መጀመሪያ ላይ ሣቀና «ታዲያ ቶሎ ካልተበጠሰ ምን እንሸጣለን?» አለ። ቀልድ ቢሆንም ከባድ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ከደብተሩ ተገኘ። መረቡ የሚቆይለት ሰው ሲባጎና መርፌ ይገዛል፥ ወንድሙንም ይዞ ይመጣል። መረቡ የተበጠሰበት ሰው ግን የሻጩን ስም ያነሣል እንጂ የፀሐይን ስም አያነሣም።

ጽሑፉን ያቀረብነው በሦስት መንገድ ነው። በመጀመሪያ ከደጃፉ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልን፤ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ብቻ ይጻፍበታል። ቀጥሎ መልሱን ከነሥዕሉ በአንድ ገጽ ወረቀት አባዝተን ዕቃው በሚጠቀለልበት ጊዜ ከውስጥ እናስገባዋለን፤ በዚህም ወረቀቱ ከመረቡ ጋር በጀልባ ተሳፍሮ ደሴቶቹ ድረስ ይሄዳል። በመጨረሻም ማንበብ ለማይችሉት አጎቴ በገዛ ድምፁ መልሱን ተናግሮ በቴሌግራም ይልካል። ሰሌዳውን ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለብዙ ወራት ሳይመለስ ሲቀር፥ ዕውቀቱንና ደንበኞቹን ሁሉ በስልክ ላይ ብቻ ያኖረ ነጋዴ እንዴት እንደ ተቸገረ አይተናል። ኖራ ግን መረብ አይፈልግም።

አጻጻፉንም በሚመለከት ሦስት ደንብ አወጣን፦ አንድ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ ብቻ ይመልስ፤ ቃሉ አስጋሪው የሚናገርበት ቃል ይሁን፤ የሱቁ ስም ከግርጌ በአንድ መሥመር ብቻ ይጻፍ። ሰው ምክር ነው ብሎ ማንበብ የጀመረውን ጽሑፍ መካከሉ ላይ ሲደርስ ሽያጭ ሆኖ ቢያገኘው እንደ ተታለለ ይቆጥረዋል፤ ሁለተኛም አያነበውም።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ቀላል ነው፤ ለገዢ የሚጠቅመው ለሻጭም ይጠቅማልና። ዘዴው የሚፈተነው ግን እውነቱ የሻጩን ኪስ በሚነካበት ጊዜ ነው። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ሰሌዳውን ቆመው ካስነበቡ በኋላ ወደ ውስጥ ገቡና አጎቴን «ልጄ፥ የጻፍከው ሁሉ መልካም ነው። ታዲያ ስለዚያ ስለ ስስ መረብ ለምን ዝም አልክ?» አሉት። እጃቸውም በመደርደሪያው ላይ ወዳለው የነጠላ ክር መረብ ያመለክት ነበር።

ይህ መረብ እንደ ሌላው ከብዙ ቀጫጭን ክር የተገመደ ሳይሆን አንድ ነጠላ የናይለን ክር ነው። ዋጋው ርካሽ ነው፤ በውኃ ውስጥም አይታይም። ነገር ግን ቶሎ ይቀደዳል፤ የተቀደደውም በሐይቁ ውስጥ እየተጣለ፥ ባለቤት የሌለው ወጥመድ ሆኖ ዓሣ ሲገድል ይቆያል። ዓይኑ ጠባብ የሆነው ደግሞ ገና እንቁላል ያልጣለውን ጫጩት ይለቅማል። አጎቴ ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚሄደው ይኸው ነበር።

ነገሩ ለምን እንደሚከብድ ለመረዳት ጣናን ማወቅ ያስፈልጋል። ጣና ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቅ በተባለው ቦታ እንኳ ወደ ታች 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ኡርክ ከምትባል የኔዘርላንድ የአስጋሪዎች ከተማ በመጣ ርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ እስኪጀመር ድረስ፥ ማስገር በአብዛኛው በደንገል ታንኳ በዳርቻው ላይ የሚካሄድ ነበር። በሐይቁ ውስጥ ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ ላቢዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ፤ ከዚህም ወገን 15 ያህሉ በዓለም ላይ ከጣና በቀር በሌላ ሥፍራ አይገኙም። እነዚህ ዓሦች የሚያድጉት ቀስ ብለው ነው። ብዙዎቹም በክረምቱ ማብቂያ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ፥ እንደ ርብና እንደ መገጭ ባሉ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ በዚያ ሰዓት በወንዙ አፍ ላይ የዘረጋ ሰው የዘንድሮውን ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ዓመት ዓሣ አብሮ ያወጣል። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2000 አካባቢ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተደረጉት ጥናቶች ሲነጻጸሩ የእነዚህ ዓሦች ቍጥር በብርቱ እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። መንግሥትም የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995ን ያወጣው ይህ ሀብት እንዳይጠፋ ነው።

አጎቴ በዚያ ምሽት ብዙ አሰበ። «እኔ ብተወው ሌላው ይሸጠዋል። ዓሣው እንደ ሆነ አይተርፍም፤ የእኔ ቤት ግን ይጎድልበታል» አለ። ይህ ቃል ከንቱ አይደለም። ልጆች አሉት፤ የቤት ኪራይ አለበት። እኔ ግን እንዲህ ይመስለኛል፦ አስተማሪ ነኝ ብሎ ሰሌዳ የሰቀለ ነጋዴ፥ የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ የሚያስተምር ከሆነ ሰሌዳው ሌላ ስም የተሰጠው ማስታወቂያ ነው። ደንበኛውም ሞኝ አይደለም፤ የተዘለለውን ያያል። ሽማግሌው ያዩት ይህንኑ ነው። ደግሞም ዓሣ የጠፋበት ሐይቅ ዳር መረብ ለማን ይሸጣል?

በሚቀጥለው ሳምንት በሰሌዳው ላይ ስለ ሁለቱ መረቦች ልዩነት፥ በየትኛው ወር ከወንዝ አፍ መራቅ እንደሚገባ፥ ስለ ተፈቀደው መረብም የዓሣ ሀብት ባለሙያ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ተጻፈ። የነጠላ ክሩም ጥቅል ከመደርደሪያው ወረደ። የወጣበት ገንዘብ እስከ ዛሬ በጓዳ ተቀምጧል። ከደንበኞቹም አንዳንዶቹ ወደ ሌላ ሱቅ ሄዱ፤ ሁሉም አልተመለሱም። በሌላ በኩል ግን ከዚህ በፊት አይተናቸው የማናውቃቸው ሰዎች ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው «ይህን የጻፈው ሱቅ የትኛው ነው?» እያሉ መጥተዋል። ትርፉና ኪሣራው ገና ተመዝኖ አላለቀም። እኔም አልቋል ብዬ አንባቢን ላታልል አልወድም።

ስለ ዘዴው ጉድለትም መናገር ይገባል። እያስተማሩ መነገድ ፍሬው የሚዘገይ ነው፤ ዛሬ ጽፎ ነገ ሽያጭ የሚጠብቅ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። መጥፎ ዕቃን ጥሩ አያደርግም፤ ዕቃው መጥፎ ከሆነ እንዲያውም ገዢው ለይቶ እንዲሸሽ ያስተምረዋል። ውሸት የተቀላቀለበት እንደ ሆነም በአስተማሪ ልብስ የተሸፈነ ማጭበርበር ይሆናል። የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው በከንቱ አይደለም። ፍሬ ማፍራቱንም ለማወቅ የተመልካችን ቍጥር መቍጠር አይበቃም። የምንቈጥረው «ይህን ከየት ሰማህ?» ብለን ስንጠይቀው «ከወረቀቱ» የሚለንን ገዢ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ! ከእኛ ብዙዎቻችን ወላጆቻችን ወይም ዘመዶቻችን እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ንግድ አላቸው፤ ወፍጮ ቤት አላቸው፥ ምጣድ ይሸጣሉ፥ ሚዛን ይጠግናሉ፥ ጫማ ይሰፋሉ። እነርሱ በእጃቸው ብዙ ዕውቀት አለ፤ ለመጻፍ ግን ጊዜ የላቸውም። እኛ ደግሞ ብዕር አለን፤ ዕውቀቱ ግን ይጎድለናል። ስለዚህ በዚህ ክረምት ዕረፍት አንድ ደብተር ገዝተን ከመደርደሪያው አጠገብ ብናስቀምጥ፥ የደንበኛውን ጥያቄ ጽፈን የባለሙያውን መልስ ብናሰፍር፥ ቤታችንንም አገራችንንም እንጠቅማለን። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ባለቤቱ ሊመልሰው የማይወደውን ጥያቄ ጻፉት። ሰው የሱቁን ቃል ማመን የሚጀምረው ያ ጥያቄ ሲመለስ ነውና።